«ፎርማት ይደረግ» ከማለትዎ በፊት

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ጎፋ ባለው ቤታችን ልጄ ላፕቶፕዋን ዘግታ ልትተኛ ስትል «አፕዴት እየተደረገ ነው፤ አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ መጣባት። 60 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታልና እሱም አብሮ ድርግም አለ። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ አርማውን ያሳይና ይጠፋል፤ እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ይጠፋል። ኮምፒውተሩስ ይቅር፣ ሰኞ የምታስረክበው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው እዚያው ውስጥ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው ገና እንዳየው «ፎርማት መደረግ አለበት» አለ። «ፋይሉስ?» ብትለው «እሱማ ይጠፋል፤ ኮፒ አላስቀመጥሽም እንዴ?» አላት። ዕንባዋ መጣ። ይዘነው ተመለስን።

የደረሰልን ኮምፒውተር በመጠገን የሚተዳደር የጎረቤታችን ልጅ ነው። «እትዬ፣ ፋይሉ እኮ አልጠፋ ይሆናል። የተበላሸው ዊንዶውሱ የሚነሳበት ክፍል ነው። ፎርማት የሚመጣው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያበቃ ነው» አለኝ። ያደረገውን ለሌላ ቤትም ይጠቅማል ብዬ ላካፍላችሁ።

አትቸኩሉ

ስክሪኑ ላይ የመቶኛ ቁጥር እየታየ ከሆነ ቢዘገይም አታጥፉት፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ጨርሶ አልነሳ ካለ ግን ፍላሽ፣ ፕሪንተርና ሌላውን የተሰካ ነገር ሁሉ ንቀሉ። ቻርጀሩ ብቻ ይቆይ።

ወደ ጥገናው ገጽ መግባት

ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸው የጥገና ገጽ አላቸው። ኮምፒውተሩን አብሩና አርማው ሲታይ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ አጥፉት። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግሙ ገጹ በራሱ ይመጣል። «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ምረጡ። በቅድሚያ «ስታርትአፕ ሪፔር»ን ሞክሩ። እምቢ ካለ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ገብታችሁ የመጨረሻውን «ኳሊቲ አፕዴት» አስወግዱ። የእኛን ያስነሳው ይኸኛው ነው፤ የልጄን ጽሑፍ አልነካውም። «ሲስተም ሪስቶር»ም ኮምፒውተሩን ቀደም ወዳለ ቀን ይመልሰዋል። ይህም ካልሆነ «ሪሴት» ውስጥ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚል ምርጫ አለ፤ የተጫኑት ፕሮግራሞች ይጠፋሉ፣ ሰነድና ፎቶ ግን ይቀራል።

በመሃል 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ከጠየቃችሁ ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው መቆለፊያ ተቆልፏል ማለት ነው። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ስለሚቀመጥ በስልክ ገብታችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ያለ ቁልፉ ባለሙያም ቢሆን ፋይሉን ሊያወጣላችሁ አይችልም።

ዓለምም ደርሶበታል

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አስተኝቷል። አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ሥራ ፈቱ። መፍትሔው ግን ፎርማት አልነበረም። ባለሙያዎች ኮምፒውተሩን «ሴፍ ሞድ» በሚባለው አነሳስ እያስነሱ አንዲት የተበላሸች ፋይል ያጠፉ ነበር።

ከዚህ በኋላ

አፕዴትን መሸሽ አያዋጣም፤ ለቫይረስና ለሌባ የሚከፈተውን ቀዳዳ የሚደፍነው እሱ ነው። ባትሪው ሲሞላ፣ መብራትም በማይቆራረጥበት ሰዓት አድርጉት። ወደ ጥገና ቤት ከሄዳችሁ ደግሞ «መጀመሪያ ፋይሌን ኮፒ አድርግልኝ» በሉ። ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ሊያወጣው ይችላል።

ልጄ ሰኞ ጽሑፏን አስረክባለች። አሁን ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት የሠራችውን ወደ ፍላሽ ትገለብጣለች፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ወደ ራሷ ኢሜይል ትልካለች። እኔም የቤተሰቡን ፎቶ እንድትገለብጥልኝ ሌላ ፍላሽ ገዝቻለሁ።