የአክሱም ሐውልትን ያጓጓዘው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላንና የማኮብኮቢያው ጉዳይ

አዲስ አበባ፦ በቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት የጭነት ተርሚናል አበባ፣ ሥጋ፣ መድኃኒትና የማሽን መለዋወጫ የሚጭኑት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው 100 ቶን ያህል የመሸከም አቅም አላቸው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን አውሮፕላን በመረከብ በአፍሪካ ቀዳሚ መሆኑ ይታወቃል። ይሁንና የአክሱምን ሐውልት ከሮም እንዲመልሱ ቢጠየቁ ኖሮ እነዚህ አውሮፕላኖችም ባልቻሉ ነበር።

ምክንያቱ ክብደት አይደለም። 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ሐውልት በሦስት ተከፍሎ ሲነሣ ከባዱ ክፍል 60 ቶን የሚጠጋ ነበር። ችግሩ በሩ ነው። የቦይንግ 777 የጭነት በር በጎኑ የተከፈተ ሲሆን ስፋቱ 3 ነጥብ 7፣ ከፍታው ደግሞ 3 ሜትር ገደማ ነው። የጭነቱ ወለልም ከመሬት 5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለአበባ ካርቶንና በፓሌት ለተደረደረ ዕቃ ይህ ምቹ ነው። አንድ ወጥ የድንጋይ ግንድን ግን በዚያ ከፍታ አንሥቶ፣ በጎን አስገብቶ፣ በውስጥ ማዞር የማይታሰብ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተፈጠረው አንቶኖቭ 124 ነው። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ በዩክሬን ኪየቭ በሚገኘው የአንቶኖቭ የንድፍ ቢሮ ለወታደራዊ አገልግሎት የተነደፈው ይህ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1982 ሲሆን፣ በ1985 በፓሪስ የአየር ትርዒት ለዓለም ታይቷል። መጠሪያው «ሩስላን» ነው። ስሙ የተወሰደው ከፑሽኪን የግጥም ሥራ ሲሆን፣ ባለቅኔው የቅድመ አያቱ ትውልድ ከእኛ አገር ጋር ስለሚያያዝ በአዲስ አበባ አደባባይ የተሰየመለት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

አውሮፕላኑ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 69 ሜትር፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 73 ሜትር ይደርሳል። እያንዳንዳቸው 23 ቶን ያህል ግፊት የሚሰጡ አራት ሞተሮች አሉት። ዋናው ቁም ነገር ግን በንድፉ ላይ ነው። ክንፎቹ ከአካሉ በላይ በመቀመጣቸው ሞተሮቹ ከመሬት አቧራና ጠጠር ይርቃሉ፣ የጭነት ወለሉም ወደ መሬት ይቀርባል። አፍንጫው በሙሉ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ከኋላም ሌላ መውጫ አለው። በመሆኑም ጭነት በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ሊወጣ ይችላል። የፊት ጎማዎቹ ታጥፈው አውሮፕላኑ እንደ ግመል ይንበረከካል። ከ36 ሜትር በሚረዝመው፣ 6 ነጥብ 4 ሜትር በሚሰፋው የጭነት ክፍል ጣሪያ ላይ ደግሞ የራሱ ክሬኖች ተገጥመዋል። ይህም ማለት ማንሻ መሣሪያ በሌለበት ኤርፖርት እንኳ ሥራውን ሊያከናውን ይችላል ማለት ነው። 24 ጎማዎቹ ክብደቱን በሰፊው ያከፋፍላሉ።

እንዲህ ያለ አውሮፕላን እያለ ሐውልቱ በሮም አቅራቢያ በመጋዘን ተቀምጦ የቆየው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሽስት ጣሊያን የተወሰደው ሐውልት እንዲመለስ ጣሊያን በ1947 የሰላም ስምምነት ቃል ገብታ ነበር። መነቀሉ የተጀመረው ግን በ2003 ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ፖለቲካዊ ሳይሆን የመሬት ጉዳይ ሆነ። የወጣበት የምፅዋ ወደብ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በነበረው ሁኔታ ዝግ ነበር። ቦሌ አውሮፕላኑን ማስተናገድ ቢችልም ከአዲስ አበባ እስከ አክሱም ያሉት መንገዶችና ድልድዮች ያን ጭነት አይሸከሙም ተባለ። የአክሱም ኤርፖርት ማኮብኮቢያ ደግሞ አጭር ነበር። መፍትሔውም ማኮብኮቢያውን ለዚሁ ሥራ ማሻሻል ሆነ።

በዚህ መሠረት የሐውልቱ መካከለኛ ክፍል ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. በአንቶኖቭ 124 አክሱም ገባ። ሁለቱ ክፍሎችም ሚያዝያ 14 እና 17 ቀን ተከተሉ። ሐውልቱ በስፍራው ተተክሎ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።

አክሱምም ሆነ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ መገኘታቸው ለማንኛውም ከባድ አውሮፕላን ፈተና ነው። በቦሌ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፍ የሚያገኘው ማንሻ ኃይልና የሞተር ጉልበት ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ርቀት መንደርደር፣ አለበለዚያ ጭነት መቀነስ ይኖርበታል። ሙቀትም አየሩን ያሳሳዋል። ለአዲሱ ኤርፖርት በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተመረጠው ቦታ ከቦሌ ዝቅ ያለ መሆኑ ከዚህ አንጻር ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ቦሌ ራሱ የተወለደው ከዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው፤ በ1955 ዓ.ም. የመጡትን ቦይንግ 720 ጄቶች አሮጌው የልደታ ማረፊያ ሊያስተናግዳቸው አልቻለም ነበር።

ከአንቶኖቭ 124 የተሠሩት 55 ያህል ብቻ ናቸው። ከእርሱ ተወልዶ በዓለም ትልቁ የነበረው አንቶኖቭ 225 እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በኪየቭ አቅራቢያ በሆስቶሜል በጦርነት ወድሟል። ሁለቱን አገሮች ያራራቀው ግጭትም የሩስላንን ምርት መልሶ የመጀመር ተስፋ አጥፍቷል። ስለሆነም አንድ ወጥ ከባድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ተርባይን ወይም ትራንስፎርመር፣ በአየር ማስመጣት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት በዓለም ገበያ የሚያገኘው አውሮፕላን ጥቂት ነው፤ ተራውን መጠበቅና የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ ማስመርመር ይጠበቅበታል።

ለሐውልቱ ሲባል የተሻሻለው የአክሱም ማኮብኮቢያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተቆፋፍሮ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ነበር። ጥገና ተደርጎለት የመንገደኞች በረራ የቀጠለው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው።