ከውሉ በፊት ሸቀጡ
የፕሮፌሰር ዓለማየሁ ገዳ ምርምርና የመንዝ ሱፍ

የአፍሪካ አገሮች የንግድ ስምምነት ለመፈራረም ሰንፈው አያውቁም። ገበያው ግን የፊርማውን ያህል ሲደራ አይታይም። ለምን? ይህን ጥያቄ በአኃዝ ከመረመሩ ኢትዮጵያውያን መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ መምህር ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ገዳ ይገኙበታል።

ፕሮፌሰሩ ለዶክትሬት የተማሩት በኔዘርላንድስ፣ ሄግ ከተማ በሚገኘው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ነው። የአፍሪካን ፋይናንስና ንግድ የመረመሩበት መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል፤ አህጉሩንም ከዓለም ኢኮኖሚ ሳይነጥል ይመለከታል።

ከኢኮኖሚስቱ ኃይሌ ክብረት ጋር ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጥናት ደግሞ ኮሜሳን ይፈትሻል። ኮሜሳ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ ነው። ስሌታቸው የሁለት አገሮችን ንግድ ከኢኮኖሚያቸው ግዝፈትና ከመካከላቸው ካለው ርቀት ጋር ያገናዝባል። እነዚህ የተለመዱ ምክንያቶች ንግዱን አብራርተዋል፤ የማኅበሩ አባል መሆን ግን ጎላ ያለ ለውጥ አላመጣም። ለዚህም ምክንያት አለው፤ አገሮቹ የተለያየ የዕድገት ደረጃ ላይ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የብዙ ማኅበራት አባል ይሆናሉ፤ የፖለቲካ ቁርጠኝነታቸው ይላላል፤ የሚሸጡትም ምርት ዓይነቱ ጥቂት ነው።

የሚሸጠው ምርት ዓይነት ወሳኝ ነው የሚለው ሐሳብ በአገራችን ሥር አለው። በ1916 ዓ.ም. የታተመው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የፋብሪካ ውጤት የሚገዛ ሕዝብ በንግዱ እንደሚጎዳ አስጠንቅቆ ነበር።

ይህ ሁሉ ለመንዝ ምን ማለት ነው? የመንዝ ደጋ የበግ አገር ነው። ሴቶች ሱፉን ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ባና የተባለውን ብርድ ልብስና በርኖስ የተባለውን ካባ ይሠራበታል። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ በመሆኑ ለስስ ልብስ አይመችም፤ ለብርድ ልብስና ለምንጣፍ ግን ይሆናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ የአፍሪካን ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ፈርማ በዓመቱ አጽድቃለች። የቀረጥ ቅነሳው ብቻውን ግን የመንዝን ሸማኔ ናይሮቢ አያደርሰውም። ሱፉ በደረጃ ተለይቶ መታጠብ፣ ባናው በወጥ ጥራትና በበቂ ብዛት መሠራት አለበት። ብድር፣ መንገድና ቋሚ ገዢም ያሻል።

ለዚህ ነው እንዲህ ያለው ምርምር ከዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ወጥቶ በወረዳ ዕቅድ ውስጥ መግባት ያለበት። መንግሥት ስለ ቀረጥ በሚደራደርበት ትጋት ስለ ሱፍ ማጠቢያና ስለ ሸማኔው ብድርም ይምከር። የውጭ ገበያ በር ሲከፈት የሚጠቀመው ቀድሞ ያመረተ ነው።