ጨረር የታከመ ሰው ጨረር አያጋባም



በቅርቡ አንዲት እናት ለባለቤቷ የአፍ መጉመጥመጫ ልትገዛ መድኃኒት ቤት መጣች። ባለቤቷ በአንገቱ ላይ ለወጣበት ካንሰር የጨረር ሕክምና ጀምሯል። ሂሳቧን ከፍላ ድምጿን ዝቅ አደረገችና «ሰሃኑን ለይቻለሁ፤ ልጆቹንም አላስጠጋቸውም። ጨረሩ ይጋባባቸዋል ብዬ ነው። አጠፋሁ እንዴ እህቴ?» አለችኝ።

ለእኛ ለአቃቂ በሰቃ ሰዎች መልሱ ሩቅ አይደለም። እዚሁ ቃሊቲ፣ በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) የቆላ ዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል ተመርቋል። ዓላማው ከብት የሚፈጀውን የገንዲ በሽታ አስተላላፊ፣ ፄፄ የሚባለውን ዝንብ፣ ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ ማጥፋት ነበር። ወንዱ ዝንብ በጋማ ጨረር መክኖ ወደ ቆላው ይለቀቃል። ሴቷ ዘወትር የምትገናኘው አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ መካን ከደረሳት ዘር አይኖራትም። በወንድሞቻችን አገር ዛንዚባር፣ በኡንጉጃ ደሴት፣ ዝንቡ በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 ጠፍቷል።

ሱብሓነላህ! የሚገርመው የመከነው ዝንብ መብረሩ ነው። ለሰው በመላ አካሉ ላይ ከ4 እስከ 5 ግሬይ ጨረር ቢያርፍበት ያለ ሕክምና ከሁለት ሰው አንዱን ይገድላል። ዝንቡ ግን የብዙ እጥፉን ችሎ ይበራል። ለበረራ የሚያቃጥለው ፕሮሊን የተባለውን የፕሮቲን ቅንጣት ነው፤ የጡንቻው ሴሎች ከዚያ ጉልበት ማውጣታቸውን አያቆሙም። የተሰበረው በዘር ፍሬው ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ነው።

በሰው አካልም እንዲሁ ነው። ጨረሩ በሴል ውስጥ ያለውን ውሃ ይሰነጥቃል፤ ከዚያ የሚወጡት ቅንጣቶች ዲ.ኤን.ኤ.ን ይቆርጣሉ። ሴሉ የተለመደውን የፕሮቲን ሥራ ቀነስ አድርጎ ወደ ጥገና ይዞራል። ጥገናውም ብዙ ጉልበት ይበላል። ካልተሳካለት ለጊዜው ይኖርና ለሁለት ሊከፈል ሲል ይሞታል። ቶሎ ቶሎ የሚከፈለው ካንሰር የሚመታው በዚህ ነው። ጨረሩ ያረፈበት የአፍ ወይም የአንጀት ሽፋንም አብሮ ይጎዳል፤ የአፍ ቁስሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ታዲያ ጨረሩ በሰውየው ላይ ይቀራል? አይቀርም። ፋኖሱ ሲጠፋ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንደማይቀር ሁሉ፣ የቃሊቲው ዝንብም ሆነ ከማሽኑ ሥር የተነሣ ሕሙም ጨረር አይረጭም። «ሰሃኑን አንድ አድርጊው፤ ልጆቹም አባታቸውን ይቀፉት» አልኳት። ለታይሮይድ ዕጢ ጨረራማ አዮዲን የሚውጥ ወይም በአካሉ ውስጥ የጨረር ምንጭ የተቀመጠለት ሰው ግን ይለያል። እሱ ሐኪሙ የሚነግረውን ያህል ቀን ከልጆችና ከነፍሰ ጡር ይራቅ።

የተጎዳውን ለመተካት ፕሮቲን ያስፈልጋል። በርበሬ ያልበዛበት ለስላሳ ሽሮ፣ የምስር ሾርባ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የፈላ ወተት፣ ዓሣ ጥሩ ነው፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። ረመዷን ከገባም «ሕሙሙ ካልጾመ ምን ይባላል» እያላችሁ አታስጨንቁት። አላህ (ሱ.ወ.) ለበሽተኛ ፈቅዶለታል፤ ሲድን ቀዷ ያወጣል፣ የመዳን ተስፋ የሌለው ደግሞ ፊድያ ይከፍላል። ዝርዝሩን ዑለማዎችን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ያጠነክረዋል» ብላችሁ ብዙ ቫይታሚን ሲ እና ኢ ወይም የጥቁር አዝሙድ ዘይት እንክብል አትግዙለት። ጨረሩ ካንሰሩን የሚመታባቸውን ቅንጣቶች ሊያከሽፉ ይችላሉ። መጀመሪያ የሚያክመውን ሐኪም ጠይቁ፤ እኔ ጋ ከመጣችሁም የምላችሁ ይህንኑ ነው።