አንድ ተማሪ ስለ እጅ ሥራው ያሰበው

ሰው የሚማረው በዓይኑና በጆሮው ብቻ አይደለም፤ በእጁም ይማራል። ያነበብነውን ነገር ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን፤ የሰማነውም ሲሰነብት ይደበዝዛል፤ በእጃችን ደጋግመን የሠራነው ግን ቶሎ አይጠፋንም። ስለዚህ በትምህርት ቤት ከንባብና ከሒሳብ ጋራ የሥዕልና የእጅ ሥራ ትምህርት ይሰጣል።

አንድ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ የሠራቸውን አምስት ሥራዎች በጠረጴዛ ላይ ደረደረ። እነዚህም በከሰል የተሣለ ዛፍ፥ ትንሽ የሸክላ ድስት፥ የስንደዶ ሰፌድ፥ ከእንጨት የተጠረበ ማንኪያ፥ በቍራጭ ብራና ላይ የተሣለ ሥዕል ናቸው። እያንዳንዱንም እያነሣ፥ «ይህ ሥራ ምን አስተማረኝ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። ልጆች ሆይ፥ እርሱ ያሰበውን እናንተም አስቡት።

መጀመሪያ የከሰሉን ሥዕል አነሣ። ከሰል ማለት አየር እንዳይበዛበት ታፍኖ የተቃጠለ እንጨት ነው። ለስላሳ ስለ ሆነ በሻካራ ወረቀት ላይ ሲሰመር ጥቁር ዱቄቱ ይቀራል። በከሰል የሚሥል ሰው አረንጓዴና ቀይ ቀለም የለውም፤ ያለው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። የዛፍ ቅጠል አረንጓዴ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ፀሐይ በየት በኩል እንደምታበራበት፥ ጥላውስ ወዴት እንደሚወድቅ የሚያስተውል ጥቂት ነው። ተማሪው ዛፉን ሲሥል ከእጁ ይልቅ ዓይኑ ብዙ ሠራ። ስለዚህ፥ «ከሰል ማስተዋልን አስተማረኝ» አለ።

ሁለተኛ ድስቱን አነሣ። የሸክላ ጭቃ ከጉድጓድ እንደ ወጣ ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም። አስቀድሞ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ጠጠሩና ሥራሥሩ ይለቀማል፤ ከዚያ በኋላ በውኃ ርሶ ይቦካል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ በጣም ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አሸዋ ወይም የተፈጨ የሸክላ ስባሪ ይጨመርበታል። በአገራችን ይህን ሥራ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የሚሽከረከር መንኰራኵር ሳይኖራቸው፥ በእጃቸው ብቻ እንስራውንና ጀበናውን አስተካክለው ያወጣሉ።

የተሠራው ዕቃ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ሳይደርቅ ወደ እሳት ቢገባ በውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም መውጫ ሲያጣ ሸክላውን ይሰብረዋል። በደንብ ደርቆ የእሳቱ ሙቀት ከ600 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ጭቃው ባሕርዩን ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ በውኃ ቢነከር ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። የተማሪው ድስት ትንሽ ብትሆንም ጭቃው ከተለቀመበት ቀን እስከ እሳቱ ቀን ሁለት ሳምንት ፈጅታለች። ስለዚህ፥ «ሸክላ ትዕግሥትን አስተማረኝ» አለ።

ሦስተኛ ሰፌዱን አነሣ። ስፌት የሚሰፋው ከስንደዶና ከአክርማ ነው። ሰፊዋ ከመካከል ትጀምርና በወስፌ እየወጋች፥ እየጠመጠመች፥ ዙሩን ታሰፋለች። እያንዳንዱ ዙር የሚደገፈው ከእርሱ በፊት ባለው ዙር ነው፤ ስለዚህ መካከሉ ከላላ ዳሩ ይጣመማል። አለላ በሚባለው በቀለም በተነከረው ስንደዶ ጌጥ ሲወጣ ደግሞ ሥራው ሁሉ በቍጥር ነው፤ አንድ ጥምጥም ቢዘለል ጌጡ ይዛባል። መጻፍ የማያውቁ እናቶች ይህን ሁሉ ቍጥር በልባቸው ይዘው መሶብ ይሰፋሉ። በሐረርም የቤት ግድግዳ በሚያምሩ ስፌቶች ሲያጌጥ ይታያል። አንዲት ስንደዶ ብቻዋን በሕፃን ጣት ትሰበራለች፤ ብዙዎች በአንድነት ሲጠመጠሙ ግን እህል ይሸከማሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ይህን ይመስላል። ተማሪውም፥ «ስፌት መሠረትን ማጥበቅና መተባበርን አስተማረኝ» አለ።

አራተኛ ማንኪያውን አነሣ። ሸክላ ሠሪ ቢጐድልባት ጭቃ ትጨምራለች፤ እንጨት ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ የቈረጠውን አይመልሰውም። ደግሞም እንጨት ያደገበት አቅጣጫ አለው። ቢላዋ በዚያ አቅጣጫ ሲሄድ በቀላሉ ይልጠዋል፤ በተቃራኒው ቢሄድ ግን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጠራቢው አስቀድሞ እንጨቱን አገላብጦ ያያል።

ይህ ነገር በላሊበላ ይልቁን ጐልቶ ይታያል። በዚያ ያሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከ800 ዓመት ገደማ በፊት ከዓለት የተፈለፈሉ ናቸው። የቤተ ጊዮርጊስ ጠራቢዎች ሥራቸውን የጀመሩት ከጣራው ነው፤ ከዚያም ወደ ታች እየፈለፈሉ ወረዱ። ሌላ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ግድግዳው ቢበላሽበት አፍርሶ ዳግመኛ ይገነባል፤ እነርሱ ግን ለዓምድ ወይም ለመስኮት የሚሆነውን ዓለት አስበው ካላስቀሩት ከየትም አያመጡትም። ተማሪው ማንኪያው ትንሽ ነገር ቢሆንም ሕጉ አንድ መሆኑን አየና፥ «እንጨት ከመቍረጥ በፊት ማሰብን አስተማረኝ» አለ።

አምስተኛ ብራናውን አነሣ። ብራና የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው። ቆዳው በውኃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ጠጕሩና ሥጋው እየተፋቀ ይሳሳል፤ እንደ ተወጠረም ይደርቃል። በዚህ አሠራር የተዘጋጀ መጽሐፍ ብዙ ዘመን ይኖራል። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ባለ ሥዕል ወንጌሎች ዕድሜያቸው ከ1300 ዓመት በላይ መሆኑ ተመርምሮ ታውቋል። የጥንት ሠዓሊዎች ጻድቁን ሰው ሁለቱ ዓይኖቹ እየታዩ፥ ክፉውን ሰው ግን በጐን በአንድ ዓይን ብቻ ይሥሉ ነበር፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በዚህ ምልክት ጻድቁን ከክፉው ለይቶ ያውቅ ነበር። ተማሪውም፥ «ብራና ቀድመውን የነበሩትን ማክበርን አስተማረኝ» አለ።

እንግዲህ አንዱን ሥራ የተማረ ሰው ለሌላው ይረዳዋል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ እንደ ባሕርዩ መታዘዝ አለበት። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በሸራ ላይ ሥለዋል፤ ሐውልት ሠርተዋል፤ በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የባለ ቀለም መስተዋት ሥዕል አቁመዋል። የሸራ ሥዕል ብርሃን ሲያርፍበት ይታያል፤ የመስተዋት ሥዕል ግን ብርሃን ሲያልፍበት ነው የሚታየው። ስለዚህ እጅ አንድ ቢሆንም የአሠራሩ ጥበብ ሌላ ነው።

ተማሪው ይህን ሁሉ ካሰበ በኋላ አንድ ከባድ ነገር ወደ ልቡ መጣ። በአገራችን ሸክላ ሠሪዋ፥ ብረት ቀጥቃጩ፥ ቆዳ አልፊውና ሸማኔው ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። «ቡዳ» ተብለው ተሰድበዋል፤ በብዙ ስፍራ የእርሻ መሬት ተከልክለዋል፤ ከእነርሱ ጋራ መጋባትም እንደ ነውር ተቈጥሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ዳሩ ግን ንቀቱ ከሰው ልብ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ዛሬም በአንዳንድ ስፍራ ይገኛል።

ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው! ሰዳቢው እንጀራውን የሚበላው እርስዋ በሠራችው ምጣድ ጋግሮ ነው፤ መሬቱን የሚያርሰው ቀጥቃጩ ባበጀው ማረሻ ነው፤ ከብርድ የሚድነው ሸማኔው በሠራው ልብስ ነው። ሥራውን እየወደዱ ሠሪውን መጥላት ከውለታ ቢስነት የከፋ ነው። ጕዳቱም ለተሰዳቢው ብቻ አይደለም፤ ልጅ የእናቱ ሙያ ሲሰደብ እየሰማ ካደገ ሙያውን ይሸሻል፤ እናቱም ስታልፍ ጥበቧ አብሯት ይቀበራል።

ተማሪው ትንሿን ድስት በእጁ እንደ ያዘ፥ «ሁለት ሳምንት የደከምኩባት ይህች ብቻ ናት፤ ሸክላ ሠሪዋ ግን እንስራ ተሸክማ ገበያ ትወጣለች፤ ዋጋውንም ሰው ይከራከራታል» ብሎ አሰበ። ከዚያም ቀን ወዲህ በገበያ ሸክላ ሠሪ ሴት ባየ ጊዜ እንደ መምህሩ እጅ ይነሣታል።

ልጆች ሆይ፥ የእጅ ሥራ ትምህርት ሰዓት ሲደርስ እንደ ጨዋታ አትቍጠሩት። ሁላችሁ ሠዓሊ ወይም ጠራቢ አትሆኑ ይሆናል፤ ነገር ግን በእጁ የሞከረ ሰው የሌላውን ድካም ይመዝናል። ማታ ቡና ከጀበና ሲቀዳ፥ «ይህን ማን ሠራው? ስንት ቀንስ ፈጀበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠሪውንም ብታገኙት በሙያው አክብራችሁ በስሙ ጥሩት።