የሕክምና መዝገባችን ቢጠፋ እንዴት ይመለሳል?

ወደ ጤና ጣቢያው ስትመጡ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ቁጥራችሁን ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል። ወዲያው የልጃችሁ ክትባት፣ የነፍሰ ጡሯ እናት ክትትል፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛው መድኃኒት የጀመረበት ቀን ይወጣል። የሳንባ ነቀርሳ መደበኛ ሕክምና 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት በ4 ዓይነት መድኃኒት፣ የቀሩት 4 ወራት በ2 ዓይነት። ሕመምተኛው ስንተኛው ወር ላይ እንዳለ የሚያሳየው መዝገብ ከጠፋ ሐኪሙ መድኃኒት ለመለወጥም ለማቆምም ይቸገራል።

በዚህ ዕትም የምንጽፈው ስለዚሁ መዝገብ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ጽሑፉ በተለይ በመረጃ ክፍል የምታገለግሉ በጎ ፈቃደኞችን ይመለከታል።

ነገሩን በእቁብ እናስበው። ጸሐፊው በየወሩ መጨረሻ የሁሉንም ሂሳብ በአንድ ወረቀት ገልብጦ ለዳኛው ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ ማን ስንት እንደከፈለ ደግሞ በተራ በደብተር ይጽፋል። ዋናው መዝገብ ቢቃጠል የወር መጨረሻውን ወረቀት ይዞ፣ የደብተሩን መስመሮች አንድ በአንድ እየደመሩ ሂሳቡን እስከተፈለገው ቀን ድረስ መልሶ መሥራት ይቻላል። ከደብተሩ መካከል አንድ ገጽ ከተቀደደ ግን ሥራው እዚያው ይቆማል። ከተቀደደው ወዲያ ያሉት ገጾች ቢኖሩም አያገለግሉም።

ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። ብዙ የጤና መረጃ ፕሮግራሞች፣ ዲኤችአይኤስ 2 ጭምር፣ ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ ይሠራሉ። ይህ ዳታቤዝ እያንዳንዱን ለውጥ በቅድሚያ በለውጥ መዝገብ ላይ ይጽፋል። መዝገቡ በ16 ሜጋባይት ፋይሎች የተከፈለ ነው፤ አንዱ ሲሞላ ወደ ውጭ ማከማቻ፣ ለምሳሌ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ፣ ይገለበጣል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ሙሉ ቅጂና ከዚያ ወዲህ ያሉት ፋይሎች ካሉ ዳታቤዙን ወደተመረጠ ደቂቃ መመለስ ተችሏል። ማክሰኞ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ አንድ ሰው የክትባት ዝርዝሩን በስህተት ቢሰርዝ፣ የእሑዱን ሙሉ ቅጂ አንስቶ ለውጦቹን እስከ 4 ሰዓት ሊሆን 1 ደቂቃ ሲቀረው ድረስ ማስኬድና እዚያ ማቆም ነው።

ችግሩ ፋይሎቹ ወደ ውጭ መገልበጣቸውን ሲያቆሙ ማንም አለማየቱ ነው። ሥራው አይቋረጥም፤ ካርድም ይወጣል።

በብዛት የሚያጋጥመው የውጭው ዲስክ መሞላት ወይም መነቀል ነው። አንድ ሰው ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ገመዱን ይነቅላል። ዳታቤዙ መገልበጥ ሲያቅተው ደጋግሞ ይሞክራል፤ ያልተገለበጡትንም ፋይሎች አይጥልም። ስለዚህ በዋናው ኮምፒውተር ውስጥ ይከማቻሉ፤ ከቀናት በኋላ ዋናው ዲስክ ይሞላና ዳታቤዙ ይዘጋል። ያን ጊዜ ነው ከበሽታው የባሰ መድኃኒት የሚመጣው፦ አንዱ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ የተከማቹትን ፋይሎች ይሰርዛል። ማህደሩ ድሮ «ፒጂ ኤክስሎግ» ይባል ነበር። «ሎግ» የሚለውን አይተው ተራ ማስታወሻ እየመሰላቸው የሚሰርዙት ሰዎች ስለበዙ በ2017 እ.ኤ.አ. ስሙ «ፒጂ ዋል» ተባለ። እባካችሁ በዚህ ማህደር ውስጥ ያለ ምንም ነገር በእጃችሁ አትሰርዙ። ቦታ ከጠበበ ከዳታቤዙ ጋር የማይገናኝ ፋይል፣ ፊልምና ሙዚቃ ካለ እርሱን፣ አንሱና የውጭውን ዲስክ አስተካክሉ። ማከማቻው ሲገኝ ዳታቤዙ የቀረውን በራሱ ይገለብጣል።

ሁለተኛው ይበልጥ አታላይ ነው። የውጭው ዲስክ ሳይያያዝ ኮምፒውተሩ ቢነሳም ዲስኩ የሚያያዝበት ማህደር ባዶውን ይኖራል። ትዕዛዙ ፋይሉን እዚያ ይገለብጥና «ተሳክቷል» ይላል፤ ፋይሉ ግን ያረፈው በዚያው በዋናው ዲስክ ላይ ነው። ዋናው ዲስክ የተበላሸ ዕለት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ «ስህተት የለም» የሚለውን ቃል አትመኑ። የውጭውን ዲስክ ራሱን ክፈቱና የመጨረሻው ፋይል የመጣበትን ሰዓት ተመልከቱ።

ትንሽ ጤና ጣቢያ ደግሞ 16 ሜጋባይት እስኪሞላ ቀኑን ሙሉ ሊወስድበት ይችላል። ኮምፒውተሩ ማታ ቢቃጠል የዕለቱ ሥራ አብሮ ይጠፋል። ለዚህ የጊዜ ገደብ አለ፤ ፋይሉ ባይሞላም፣ አዲስ ሥራ እስካለ ድረስ፣ በየ5 ደቂቃው እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ያልሞላውም ፋይል ያው 16 ሜጋባይት ነው። በሰዓት 12 ፋይል 192 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ8 የሥራ ሰዓት 1.5 ጊጋባይት ገደማ። 32 ጊጋባይት ማከማቻ በ3 ሳምንት ግድም ይሞላል፤ ያን ጊዜ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስን ማለት ነው። አሮጌ ፋይል ማስወገድ የሚቻለው ከእርሱ በኋላ የተወሰደ፣ የተፈተሸ ሙሉ ቅጂ ሲኖር ብቻ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር እንጨምር፤ እኛ ሐበሾች ላይ በተለይ ይደርሳልና። በጎ ፈቃደኛው «ስህተቱ የተሠራው 4፡00 ላይ ነው» ብሎ ይጽፋል። ለኮምፒውተሩ ግን የእኛ ጧት 4 ሰዓት 10፡00 ነው። በስዋሂሊም አቆጣጠሩ እንደኛው ስለሆነ ኬንያዊው ባልደረባችሁ ሲነገረው ይገባው ይሆናል፤ በወረቀት በእንግሊዝኛ ሲያነበው ግን ሌሊት 10 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ዳታቤዙ ወደዚያ ከተመለሰ የጧቱ ሥራ ሁሉ ይቀራል። ቀንም እንዲሁ፤ የኢትዮጵያን ወር ከጻፋችሁ የፈረንጁን አብራችሁ ጻፉ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል መሆኑንም በየሳምንቱ ከስልካችሁ ጋር አስተያዩ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ከደከመች ሰዓቱ ይዛባል።

አደጋ ከደረሰ አትቸኩሉ። ዳታቤዙን አስቁሙ፤ በተበላሸው ኮምፒውተር ላይ ያሉትን የለውጥ ፋይሎች ከሁሉ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ገና ወደ ውጭ ያልወጡት የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እዚያ ውስጥ ናቸውና። መልሶ የማቋቋሙን ሥራ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አድርጉ። ሰዓቱን አሳስታችሁ ብትመርጡ ሙሉ ቅጂው እንዳለ ስለሆነ እንደገና ትጀምራላችሁ።

የካምፑ ነዋሪዎችም ድርሻ አላችሁ። የክትባት ካርድና የመድኃኒት መከታተያ ካርድ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። መዝገቡ ከተመለሰ በኋላ የጎደለውን የምንሞላው ከእናንተ ካርድና ከወረቀት መዝገቡ ነው። በበኩላችን የመጠባበቂያ ዲስኩ የሰው ምስጢር ያለበት በመሆኑ፣ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ውጤት ሳይቀር፣ በኪስ ሊዞር አይገባም። በይለፍ ቃል ይመስጠር፤ የሚቀመጠውም ከዋናው ኮምፒውተር በተለየ ክፍል፣ በቁልፍ ይሁን።

ይህ በእኛ ሰፈር ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ጥር 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሙያው የዋናውን ዳታቤዝ ማህደር በስህተት ሰረዘበት። ድርጅቱ በርካታ የመጠባበቂያ መንገዶች ነበሩት። ሲከፈቱ ግን አንዱ ከነጭራሹ አልሠራም፤ የስህተት ማስጠንቀቂያው ኢሜይልም ለማንም አልደረሰም ነበር። የዳነው በአጋጣሚ በተወሰደ ቅጂ ሲሆን፣ የ6 ሰዓት ያህል ሥራ ጠፋ።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን ሙከራ አድርጉ። ተርፎ የተቀመጠ ላፕቶፕ ውሰዱ፣ ሙሉ ቅጂውን ጫኑ፣ የለውጥ ፋይሎቹን እስከ ትናንት ማታ አስኬዱ። ከዚያ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቁት፦ ትናንት ስንት ልጆች የኩፍኝ ክትባት ተመዘገበላቸው? ቁጥሩ ከወረቀት መዝገቡ ጋር ከተስማማ ቀኑንና ሙከራውን የሠራውን ሰው ስም ጽፋችሁ የመረጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ላፕቶፑ ላይ ያለውንም መረጃ አጥፉ። ካልተስማማ ያንኑ ዕለት ለክፍሉ ኃላፊ አሳውቁ፤ ምክንያቱ እስኪገኝም በወረቀት መጻፍ አይቋረጥ።