የቀትር ጥላ ለሥነ ፈለክ ትምህርት፦ የደጎሎ ምሳሌ

በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ስለ መሬትና ስለ ሥርዓተ ፀሐይ የሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፍ ሥዕል አያልፍም። ለዚህም በተደጋጋሚ የሚቀርበው ምክንያት የቴሌስኮፕ አለመኖር ነው። ይሁን እንጂ ለመግቢያ ያህል ቴሌስኮፕ ግዴታ አይደለም፤ በደቡብ ወሎ ዞን በጃማ ወረዳ በምትገኘው ደጎሎ ለሚማሩ ልጆች አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃል።

ደጎሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 9 እና ነሐሴ 20 አካባቢ፣ በቀትር ልክ አናት ላይ ትሆናለች። በእነዚህ ቀናት በቱንቢ ተስተካክሎ የተተከለ እንጨት በቀትር ጥላ አይኖረውም። በመካነ ሰላም የሚያዝያው ቀን በአንድ ቀን ያህል ይዘገያል። ነሐሴ ደመናና የትምህርት ቤት ዕረፍት በመሆኑ ለመምህራን የሚቀረው የሚያዝያው ብቻ ነው፤ እርሱ ካለፈ ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆናል።

የሰዓቱ ጉዳይ ጥንቃቄ ይሻል። የአገራችን ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ የተሰላ ሲሆን፣ ደጎሎ ከዚያ በስተምዕራብ ስለምትገኝ በሚያዝያ እውነተኛው ቀትር የሚደርሰው ከ6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። ልክ በ6 ሰዓት የለካ ተማሪ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ስለሚያገኝ መምህሩን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለዚህ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ድረስ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ማድረግ ይመረጣል።

ልኬቱ በአንድ ቀን ባይወሰን መልካም ነው። የዚሁ እንጨት የቀትር ጥላ ታኅሣሥ 12 አካባቢ 67 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይዘረጋል፤ ሰኔ 14 አካባቢ ግን 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይወድቃል። በአውሮፓ የቀትር ጥላ ምንጊዜም ወደ ሰሜን በመሆኑ፣ ይህንን የጥላ መገልበጥ አንድ አውሮፓዊ ተማሪ በግቢው ሊያየው አይችልም።

ብዙ ተማሪዎች ወቅቶች የሚፈራረቁት መሬት ለፀሐይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ ይመስላቸዋል። ነገር ግን መሬት ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ የደጋው ውርጭ በሚበረታበትና ጥላው በረዘመበት ሰሞን ነው። የጥላው መለዋወጥ ምክንያት የመሬት ዛቢያ በ23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ያዘነበለ መሆኑ ነው።

በዚህ ልምምድ ተማሪዎች የሚመለከቱት መሬቱን ብቻ ነው። ፀሐይን በቀጥታ ማየት የዓይን ብርሃንን እስከ ማሳጣት የሚደርስ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ መምህራን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይህንኑ በግልጽ ሊያስጠነቅቁ ይገባል።