የሳይንስ ትርጓሜና የገበያ ቃል

ሳይንስ ቃል ባጣ ጊዜ ከሕዝብ ቋንቋ ይዋሳል፤ የተዋሰውንም እንደ ልብስ አጥብቦ በራሱ ልክ ይሰፋዋል። ሕዝቡ ግን ቃሉን አልሸጠምና በቀድሞው ትርጓሜ ሲጠቀምበት ይኖራል። ሁለቱ ትርጓሜዎች በተገናኙ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሳቅ፣ አልፎ አልፎም ሙግት ይነሣል።

«ሥራ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ ሥራ ማለት በአንድ ነገር ላይ ያረፈው ኀይል፣ ነገሩ በኀይሉ አቅጣጫ በተጓዘው ርቀት ተባዝቶ የሚገኝ መጠን ነው። እንግዲህ በመርካቶ አንድ ተሸካሚ ኩንታል ጤፍ በጫንቃው እንደያዘ፣ መንገድ እስኪለቀቅለት ድረስ ላቡ እየተንቆረቆረ ቢቆም፣ በኩንታሉ ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ቀስ አድርጎ ሲያወርደውማ ሥራው ከዜሮ በታች ይሆናል። ይህን ሒሳብ ይዞ በሸክም ዋጋ ለመከራከር የሚደፍር ነጋዴ ያለ አይመስለኝም።

«ነፍሳት»ም እንዲሁ ነው። ተማሪው በክፍል ውስጥ ነፍሳት ስድስት እግር እንዳላቸው ይማራል፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ካህኑ ለሙታን ነፍሳት ዕረፍትን ሲለምኑ ይሰማል። በመማሪያ መጻሕፍት «ሦስት አፅቄ» የሚል ስም መግባቱ፣ ምንም እንኳ ለአፍ ቢከብድ፣ ከዚህ መደናገር ያድናል።

«ፍሬ» ግን ከሁሉ ይብሳል። በእኛ ቋንቋ ትንሽ ልጅ «አንድ ፍሬ ልጅ» ነው፤ የንግግርም ዋና ሐሳብ «ፍሬ ነገር» ይባላል። በዕፀዋት ጥናት ግን ፍሬ ማለት ከአበባው ዘር ያዥ ክፍል አድጎ ዘሩን በውስጡ የሚይዝ አካል ነው። ስለዚህ ቲማቲም፣ በርበሬና ዱባ ፍሬዎች ናቸው፤ የስንዴ ቅንጣት እንኳ ፍሬ ናት። ለ«አትክልት» ግን ይኸው ጥናት የራሱ ትርጓሜ የለውም፤ ቃሉ የጓሮና የማድ ቤት ነው።

ይህ ነገር በአሜሪካ ከሳቅ አልፎ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1883 የወጣው የቀረጥ ሕግ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ ከመቶ 10 ሲጥል፣ ፍሬን በነጻ ያስገባ ነበር። ኒክስ የተባሉ ቲማቲም አስመጪዎች የከፈሉት ቀረጥ እንዲመለስላቸው የኒው ዮርክን ወደብ ቀረጥ ሰብሳቢ ሄደንን ከሰሱ። በችሎቱ መዝገበ ቃላት ተነበበ፤ አንደኛው ወገን የበርበሬንና የዱባን ትርጓሜ ሲያሰማ፣ ሌላው የድንችንና የጎመንን አሰማ። እ.ኤ.አ. በ1893 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቲማቲም በዕፀዋት ጥናት የሐረግ ፍሬ መሆኑን ሳይክድ፣ ሰው ከሾርባና ከሥጋ ጋር እንጂ በማዕድ መጨረሻ እንደ ጣፋጭ አይበላውምና ለቀረጥ ጉዳይ አትክልት ነው ሲል ፈረደ። በእኔ አስተያየት ዳኞቹ ከሊቃውንቱ ይልቅ ገበታውን መጠየቃቸው ትክክል ነበር፤ ሕጉ የተጻፈው ለገዢና ለሻጭ ነውና።

ቃላትን ከሕዝብ አፍ የሚሰበስብ ተመራማሪም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ቡና አምራቹ ገበሬ «የቡና ፍሬ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የዕፀዋት ጥናት «ዘር» የሚለውን ነው። ይህን ሰምቶ «ገበሬው ፍሬንና ዘርን አይለይም» ብሎ በደብተሩ የሚያሰፍር ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ ተነሥቷል። ገበሬው ቀዩን ከነሥጋው «እሸት» ይለዋል፤ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ደግሞ «ጀንፈል»፤ በገበያም ለየብቻ ይሸጣቸዋል። የዕፀዋት ጥናት ሁለቱንም በአንድነት ፍሬ ብሎ ያልፋቸዋል።